ሳጥኗ የጠፋ የፕላስቲክ ቮልስ፦ የትኛዋ እንደሆነች ለይቶ እንደገና መገጣጠም

ሳጥኗና የመገጣጠሚያ ወረቀቷ የጠፋ፣ አንዴ በልጅ እጅ ተጣብቃ ብፌ ላይ ዓመታት የቆየች የፕላስቲክ ቮልስ (ከቁርጥራጭ ዕቃ ተጣብቃ የምትገጣጠም የመኪና ሞዴል) ስትገኝ መጀመሪያ የሚነሳው ቢላዋ ሳይሆን ማስመሪያ ነው። የጎደለ ዕቃ የሚሠራው በልክ ነው። ልኩ የሚገኘው ደግሞ ሞዴሏ ከእውነተኛዋ ስንት እጥፍ እንደምታንስና የየትኛውን ዘመን መኪና እንደምታሳይ ሲታወቅ ነው። ይህ ሳይታወቅ የተፈታች ሞዴል አብዛኛውን ጊዜ ካርቶን ውስጥ ተበታትና ትቀራለች።

እዚህ ቮልስን የመረጥነው ብዙ ፋብሪካዎች ሞዴሏን ስለሠሩና እውነተኛዋ ቮልስ ከከተሞቻችን ጨርሳ ስላልጠፋች ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ደጅ የቆመች አንዲት ቮልስ ከማንኛውም ሥዕል የተሻለች መመሪያ ናት። ባለቤቷን አስፈቅዱና በሜትር ለኳት፤ ፎቶም አንሷት። አሠራሩ ለሌላ መኪና ሞዴልም ያው ነው፤ የሚለወጡት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው።

መጠኗን ማወቅ

የእውነተኛዋ ቮልስ ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል ያለው ርቀት 2400 ሚ.ሜ. ነው። የሞዴሏን ያንኑ ርቀት ለክታችሁ 2400ን በእሱ አካፍሉ። 100 ሚ.ሜ. ከሆነ ሞዴሏ 1/24 ናት፣ ማለትም ከእውነተኛዋ 24 እጥፍ ታንሳለች፤ 96 ከሆነ 1/25፤ 75 ከሆነ 1/32፤ ወደ 56 ከሆነ 1/43። (1302 እና 1303 የሚባሉት የኋለኞቹ ቮልሶች 2420 ሚ.ሜ. ስለሆኑ ልዩነቱ በሞዴል ላይ ከ1 ሚ.ሜ. አይበልጥም።)

ችግሩ 1/24 እና 1/25 በ4 ሚ.ሜ. ብቻ መለያየታቸው ነው። መጀመሪያ የገጣጠማት ሰው የጎማውን ዘንግ 2 ሚ.ሜ. አዛብቶ አጣብቆት ከሆነ ልኩ ያሳስታል። ስለዚህ ሁለት ተጨማሪ ልኬት ውሰዱ። አንደኛው ከፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ ከሚሸፍነው ክንፍ) እስከ ፓራፋንጎ ያለው ስፋት ነው፤ እውነተኛዋ 1540 ሚ.ሜ. ስለሆነች በ1/24 64 ሚ.ሜ.፣ በ1/25 61.6 ሚ.ሜ. ይመጣል። ሁለተኛው ቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የሚገጠምበት ክብ፣ ነው። ባለ 15 ኢንች ቸርኬ 381 ሚ.ሜ. ነው፤ በ1/24 ወደ 15.9፣ በ1/25 ወደ 15.2 ይሆናል። ሦስቱ ልኬቶች ካልተስማሙ የቦዲውን እመኑ። ቦዲው ከፋብሪካ ቅርጽ አንድ ሆኖ የወጣ ነው፤ የጎማውን ዘንግ ግን የሰው እጅ ነው ያጣበቀው።

መጠኗ ወደ ሠሪዋ ይመራል። ኤኤምቲ፣ ኤምፒሲና ጆ-ሃን የተባሉት አሜሪካውያን ሠሪዎች አብዛኞቹን መኪኖቻቸውን በ1/25 ነው ያወጡት፤ ሞኖግራም አብዛኛውን በ1/24፤ የጃፓኑ ታሚያ በ1/24፤ የእንግሊዙ ኤርፊክስ ትናንሾቹን መኪኖች በ1/32። ከዚያ ሻንሲዋን ገልብጡና በስልክ ባትሪ ከጎን አግድም አብሩበት፤ ከፊት ለፊት ሲበራ የማይታይ ፊደል በጥላው ይወጣል። ፊደሉ በቀለም ከተሞላ ስስ ወረቀት ጣል አድርጋችሁ፣ ልጆች ሳንቲም በእርሳስ እንደሚያትሙት፣ በለስላሳ እርሳስ አሹበት። እዚያ የምታገኙት ዓመተ ምሕረት ብዙዎችን ያሳስታል፤ የሚናገረው ፕላስቲኩ ስለሚፈስበት የብረት ቅርጽ እንጂ ፕላስቲኩ ስለተመረተበት ጊዜ አይደለም። አንድ ቅርጽ ሳጥን እየተቀየረለት ለአሥርተ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ቅርጹ ያልቃል፤ የዕቃዎቹ ጠርዝ ስስ ትርፍ ልጣጭ ያወጣል፤ ሁለቱ ግማሾች እኩል ስለማይገጥሙም ክብ ዘንግ ሞላላ ሆኖ ይወጣል። አሮጌ ሞዴል አልገጥም የሚለው ባብዛኛው በዚህ ነው።

የየትኛው ዘመን ቮልስ ናት?

ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። መጀመሪያ የኋላ መስታወቷን እዩ። መሀሉ በዘንግ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ከ1953 መጋቢት በፊት ያለችው ናት። አንድ ሞላላ መስታወት ከሆነ ከ1953 እስከ 1957 አጋማሽ፤ ሰፊ አራት ማዕዘን ከሆነ ከዚያ በኋላ ናት። ከነሐሴ 1964 ጀምሮ መስታወቶቿ ሁሉ ትንሽ ሰፍተዋል።

ቀጥሎ የፊት መብራት። መስታወቱ ከፓራፋንጎው ጋር ወደ ኋላ ያጋደለ ከሆነ የቀድሞዋ ናት፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ለአውሮፓ ገበያ ከነሐሴ 1967 ወዲህ፣ ለአሜሪካ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣችው ናት። በዚያው በነሐሴ 1967 ፓራውልቷ (ከፊትና ከኋላ ያለው የግጭት መከላከያ) ከታጠፈና ቀስት ቧንቧ ካለው ወደ ቀጥታና ጠንካራ ተለወጠ፤ የነዳጅ መሙያዋም ከፊት ኮፋኖ ሥር ወጥቶ በቀኝ ጎን የራሱ ክዳን ተሠራለት። የፊት መስታወቷ በግልጽ ጎበጥ ካለ ከነሐሴ 1972 የጀመረችው 1303 ናት። የታሚያ 1/24 ቮልስ የምታሳየው የ1966ቷን 1300 ስለሆነ፣ የእናንተዋም ያጋደለ መብራትና ሰፊ መስታወት ካላት ፎቶዎቿን ለማነጻጸሪያ መያዝ ይጠቅማል።

ምልክቶቹ እርስ በእርስ ከተጋጩ፣ ለምሳሌ ሞላላ የኋላ መስታወትና ቀጥ ያለ ፓራውልት አብረው ከታዩ፣ የቀድሞው ገጣጣሚ ከሌላ ሞዴል ዕቃ አምጥቶ ለጥፏል ማለት ነው። ያንን ክፍል ለብቻው ምልክት አድርጉበት፤ ከቦዲው ጋር ካልተዛመደ ይወጣል።

ፕላስቲኩን መፈተን

ማጣበቂያም ሆነ ቀለም ማስለቀቂያ የሚመረጠው በፕላስቲኩ ዓይነት ነው፤ አብዛኛው የሞዴል ዕቃ ፖሊስቲሪን ከተባለው ፕላስቲክ ነው። በ250 ሚ.ሊ. ውሃ ውስጥ አልሟሟም እስኪል ድረስ ጨው ጨምሩ፤ ወደ 90 ግራም ይጠጣል። ቀለም ያልነካው ትንሽ ስባሪ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ፣ ቀጥሎ በጨው ውሃው ውስጥ ጣሉ። አረፋ ተጣብቆ እንዳያንሳፍፈው ውሃው ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና አድርጉ። በንጹሕ ውሃ ሰጥሞ በጨው ውሃ ከተንሳፈፈ ፖሊስቲሪን ነው ብላችሁ ቀጥሉ። በሁለቱም ከሰጠመ፣ በተለይ ከተጣመመና የኮምጣጤ ሽታ ካለው፣ በ1950ዎቹ ለአሜሪካ መኪና ሻጮች ይሠሩ የነበሩት የማስታወቂያ ሞዴሎች የተሠሩበት አሴቴት የተባለ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። የእሱ ጥመት ስለማይመለስ እንዳለ አስቀምጡት። በንጹሕ ውሃም ከተንሳፈፈ የመጫወቻ ፕላስቲክ ነው፤ የሞዴል ማጣበቂያ አይዘውም።

መፍታት

ከመፍታታችሁ በፊት አራቱን ጎን፣ ጣሪያዋን፣ ሆዷን፣ ሞተሯንና በመስኮት በኩል ውስጧን ፎቶ አንሱ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ፣ በዕቃ ሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠቧት። ኩሽና አጠገብ የኖረች ሞዴል አቧራውና የዘይት ጢሱ ተጋግሮ ቀለም ይመስላል፤ ሲታጠብ ብዙ ነገር ይገለጣል።

አፈታቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፦ መጀመሪያ ፓራውልት፣ መብራትና የዝናብ መጥረጊያ፤ ቀጥሎ ጎማዎች፤ ከዚያ ሻንሲ ከቦዲ፤ በመጨረሻ ወንበርና መስታወት። አሮጌ ሙጫና ሱፐር ግሉ በብርድ ይሰባበራሉ። ሞዴሏን በላስቲክ ጠቅልላችሁ የፍሪጅ በረዶ ቤት ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሰዓት አቆዩና እንደወጣች መገጣጠሚያውን በጣት ቀስ እያላችሁ አወዛውዙ። «ጠቅ» ካለ ተላቀቀ። ካላለ አታስገድዱት። የሞዴል ማጣበቂያ ሁለቱን ፕላስቲክ አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋልና በብርድ የማይለቅ መገጣጠሚያ ሙጫ ሳይሆን ፕላስቲክ ሆኗል። እዚህ ላይ የምላጭን አንድ ጠርዝ በፕላስተር ሸፍናችሁ፣ በሌላው ጠርዝ መስመሩን 20 ወይም 30 ጊዜ በቀላሉ መላልሱበት። በአንድ ጊዜ ተጭኖ መቁረጥ ፓራፋንጎውን ይሰነጥቀዋል። የሚፈታው ዕቃ ሁሉ ስሙ ተጽፎበት በየራሱ ትንሽ ከረጢት ይገባል።

ቀለምና ኒኬል ማስለቀቅ

ለአሮጌ የዘይት ቀለምና ለናይትሮ ቀለም (በቲነር የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ የመኪና ቀለም) ከጋራዥ የሚገኘው የፍሬን ዘይት ጥሩ ነው፤ ፖሊስቲሪኑን ሳይነካ ቀለሙን ያነሳዋል። ዶት 3 ወይም ዶት 4 መሆን አለበት፤ ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ አይሠራም። ቦዲውን በመስታወት ዕቃ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ንከሩት፤ ከ1 ሰዓት በኋላ እዩት፤ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋል። የእጅ ጓንት ልበሱ፣ በብሩሽ አርግፉት፣ በሳሙና ሁለት ጊዜ እጠቡት። መስታወቶቹን አትንከሩ። የተጠቀማችሁበትን ዘይት ወደ ጓሮ ወይም ወደ ቦይ አትድፉ፤ ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋር ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡት።

ቤንዚን፣ አሴቶንና ናይትሮ ቲነር ፖሊስቲሪንን ያቀልጣሉ ወይም ይሰነጣጥቃሉ። ዳግም አረቄም ቢሆን ውሃው ስለሚበዛ ለዚህ አይረዳም።

የተላላጠ ኒኬል ያለበት ፓራውልትና የጎማ ክዳን በበረኪና ይለቃል። ከ15 ደቂቃ እስከ ጥቂት ሰዓት በቂ ነው። ኒኬል የምንለው እዚህ እጅግ ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን ስለሆነ እያያችሁት ይጠፋል። ከሥሩ የሚቀረው ቢጫ ቫርኒሽ በፍሬን ዘይት ይነሳል፤ ነገር ግን ዕቃው ከበረኪናው በብዙ ውሃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ብቻ። በረኪናና የፍሬን ዘይት በምንም መልኩ አይገናኙ፤ የክሎሪን ውህድና የፍሬን ዘይት ሲቀላቀሉ እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀልም መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

የተጣመመውን ማቅናት

በፀሐይ መስኮት የኖረ ጣሪያ ወይም ሻንሲ ይጎብጣል። ፖሊስቲሪን የሚለሰልሰው 100 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ በ92 አካባቢ። እንዲህም ሆኖ የፈላ ውሃ ቀጭን የመስኮት ዘንግ ያጠማዝዛል። ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ያለውን ተጠቀሙ፤ ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ጋር ቢቀላቀል እዚያው አካባቢ ይደርሳል። ዕቃውን 1 ወይም 2 ደቂቃ አቆዩ፣ አውጡና ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በላስቲክ አስራችሁ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። አልቀና ካለ ድገሙት፤ ሦስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ማቅናት አንድ ጊዜ አስገድዶ ከማቅናት ይሻላል።

የጎደለውን መሥራት

የቢክ እስክሪብቶ ገላው ፖሊስቲሪን ነው፤ ለማርሚታ ጫፍ፣ ለጎማ ዘንግና ለመሪ ምሰሶ ይሆናል፤ ማጣበቂያውም ይይዘዋል። ክዳኑ ግን ሌላ ፕላስቲክ ስለሆነ አይጣበቅም። የሲዲ ማስቀመጫ ክዳንም ፖሊስቲሪን ነው። ለወለል መጠገኛ ጥሩ ሆኖ ሳለ ደረቅ ስለሆነ በመቀስ አይቆረጥም፤ በምላጭ ደጋግሞ ጭሮ መስበር ነው።

ለዝናብ መጥረጊያና ለአንቴና የሞዴል ዕቃዎች ተያይዘው የሚመጡበትን ዘንግ በጧፍ ነበልባል ላይ ሳቡ። ጧፍ ከትልቅ ሻማ ይሻላል፤ ነበልባሉ ትንሽ ስለሆነ የሚለሰልሰው ቦታ ጠባብ ይሆናል። ከነበልባሉ 2 ሴ.ሜ. ከፍ አድርጋችሁ እያሽከረከራችሁ ያዙት፤ መሀሉ መርገብ ሲጀምር ከእሳቱ አውጡና ሳቡት። ቀስ ብሎ ሲሳብ ወፍራም፣ በፍጥነት ሲሳብ እንደ ፀጉር ቀጭን ይሆናል። በ1/24 ለዝናብ መጥረጊያ 0.4 ሚ.ሜ. ይበቃል።

ከአራቱ የጎማ ክዳን አንዱ ከጠፋ ከቀሩት አንዱን ዘይት በተቀባ ፕላስቲሊን ላይ ተጭናችሁ ቅርጹን አውጡና ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ማጣበቂያ ሙሉበት። ከሰዓታት በኋላ ሲወጣ ጀርባውን በሞረድ አስተካክሉ። ለዚህ ሥራ የሰዓት ሠሪ ወረንጦና የብር አንጥረኛ ትንሽ ሞረድ ከሃርድዌር መደብር ዕቃ የተሻሉ ናቸው።

ስንጥቅ ለመሙላት ያንኑ የሞዴል ዕቃዎች ተያይዘው የሚመጡበትን ዘንግ ከትፋችሁ በትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ በናይትሮ ቲነር አሟሙት፤ በይዘት አንድ እጅ ፕላስቲክ ለሁለት እጅ ቲነር፣ በማግሥቱ እንደ ወፍራም ማር ይሆናል። አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳት ርቃችሁ ሥሩ። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ወፍራም ከሆነ ከሥሩ ያለውን ቦዲ ያለሰልሰዋል። እስኪጠነክርም ቢያንስ ሁለት ቀን ይፈልጋል።

ሳይጣበቅ መግጠም

አሮጌ ሞዴል የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ማጣበቂያ ለማንሳት ይቸኩላል። ቦዲውን፣ አራቱን ፓራፋንጎና ወለሉን በወረቀት ፕላስተር ብቻ አገጣጥሙ። ከዚያ ጎማዎቹን አስገቡና ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አቁሟት። አራቱም መሬት መንካት አለባቸው። አንዱ ከተንጠለጠለ ከጎማው ሥር ስንት ወረቀት እንደሚገባ ቁጠሩ፤ የተለመደው የ80 ግራም ወረቀት 0.1 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። አራት ወረቀት ከገባ 0.4 ሚ.ሜ. ከዘንጉ መቀመጫ ይሞረዳል ወይም ይጨመራል። በወረቀቱ ጎማውን ከመደገፍ ይልቅ መጀመሪያ ሻንሲው የጎበጠ እንዳይሆን አረጋግጡ።

የሚከፈት በርና ኮፋኖ ያለው ሞዴል ከሁሉ ይከብዳል። በሩ ሲዘጋ ዙሪያውን ሁለት ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ቀለም በሁለቱም ጠርዝ ይደራረባልና ያለ ክፍተት የተስተካከለ በር ከተቀባ በኋላ አይከፈትም፤ ቢከፈትም ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ማጠፊያው ካለቀ ከመጠገን ይልቅ በሩን ዘግቶ ማጣበቅ ይሻላል፤ ዘግታ የቆመች ቮልስ ምንም አይጎድላትም።

አንድ ነገር ግን አደራ። በፓራፋንጎና በቦዲ መካከል ያለውን መስመር ስቱኮ አትሙሉት። እውነተኛዋ ቮልስ ፓራፋንጎዋ በብሎን የሚታሰር፣ በመሀሉ የጎማ ክር ያለው ነው፤ መስመሩ መታየት አለበት። የሚሞላው ጣሪያ ላይ ያለ የቅርጽ መስመርና የፕላስቲክ ስርጉድ ነው። ለዚያ የጋራዥ ስቱኮ በስሱ ሁለት ጊዜ፣ በመሀሉ አንድ ቀን እየቆየ ይቀባል። ሲደርቅ ይሸማቀቃልና ቶሎ የተፈተገ ስቱኮ ከሳምንት በኋላ ስርጉድ ሆኖ ይገኛል። አፈታተጉ በውሃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ቁጥር 400፣ 600፣ በመጨረሻ 1000።

ማጣበቂያውን በቀጭን ሲሪንጅ መርፌ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ጠብ አድርጉ፤ ራሱ ይሳባል።

ቀለም

የመኪና ስፕሬይ ባዶ ፖሊስቲሪንን ሊበላ ይችላል። መጀመሪያ በሻንሲው ሆድ ሞክሩት። ከ20 እስከ 25 ሴ.ሜ. ርቀት፣ እንደ ጉም የሳሳ ሁለት ዙር ሲደርቅ ለቀጣዩ መከላከያ ይሆናል፤ ከዚያ በ15 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሞላ ያለ ዙር። በዘይት ቀለም ላይ ናይትሮ አትርጩ፤ ይጨማደዳል።

ክረምት ላይ፣ በተለይ ጣና ዳር፣ ናይትሮ ቀለም ነጭ ጭጋግ ይለብሳል። ቲነሩ ሲተን ቦዲውን ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥበቱም እዚያ ላይ ያርፋል። ከሰኔ እስከ መስከረም የግድ መቀባት ካለበት ዝናብ በሌለበት ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። ቦዲውን ከእንጅባራ ቀርከሃ በተሰነጠቀ ስንጥር ከውስጥ ወጥራችሁ ያዙት፤ ጣት አይነካውም።

ለጎን ጌጥ መስመሯ ፍሪጅ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን አሉሚኒየም ቴፕ በአዲስ ምላጭ በ0.5 ሚ.ሜ. ስፋት ቆርጣችሁ ለጥፉ። መስታወቶቹን በነጭ የእንጨት ኮላ አጣብቁ፤ ሱፐር ግሉ በትነቱ መስታወቱን ያጨልመዋል።

የጎጃም መንገድ አቧራ እንዲታይባት ከፈለጋችሁ የመራዊን ቀይ አፈር ወይም የቢቸናን ጥቁር ዋልካ አድርቃችሁ በአሮጌ ነጠላ ንፉትና በደረቅ ብሩሽ ከጎማ ቤቱና ከፓራውልቱ ሥር ብቻ አስነኩ። የሁለቱ አፈር በአንድ መኪና ላይ አይቀላቀል።

አሮጌ የፕላስቲክ ጎማ ከውስጡ የሚወጣው ዘይት ቸርኬውን ያቀልጣል። ከመግጠማችሁ በፊት ቸርኬው ዙሪያ አንድ ዙር ቀጭን የአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልሉ። በመጨረሻም ሻንሲዋ ሥር፣ ውስጡን በማይጠፋ ቀለም መጠኗን፣ የምታሳየውን ዘመንና የትኞቹ ዕቃዎች አዲስ እንደተሠሩ ጻፉ፤ ነገ የሚፈታት ሰው ከማስመሪያ አይጀምርም።